«ስንት አሳለፈ?» ወይስ «ከየት አንስቶ የት አደረሰ?»



ውድ አንባቢያን! በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. አንድ አባት እኔ ወደማስተምርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጡ። በወሎ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በእጃቸው የልጃቸውን የ10ኛ ክፍል ካርድ ይዘዋል። ልጅቱ ከክፍሏ 4ኛ ወጥታ ወደ 11ኛ ተዛውራለች። እኔ ለምስጋና የመጡ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን የመጡት መሸኛዋን ሊወስዱ ኖሯል።

«መምህር፣ ይህ ትምህርት ቤታችሁ ዘንድሮ ስንት አሳለፈ?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ልጆቻችን መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

«የከተማው ትምህርት ቤት ግን ብዙ አሳልፏል እያሉ ያወራሉ። እዚያ ልወስዳት ነው። የቤት ኪራዩን ካልቻልኩት ደግሞ አክስቷ ሪያድ ናት፣ ትውሰዳት። እዚህ ተቀምጣ ሁለት ዓመት ከምታባክን እሱ ይሻላል።»

«አባባ፣ እስከ ጁምዓ ብቻ ይታገሱኝ። ከሶላት በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አልኳቸው። እሺ ብለው ሄዱ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥያቄያቸው ቀላል ትመስላለች፤ በየቤቱ፣ በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየገበያው የምትጠየቅ ናት። ይሁንና ይህችው ጥያቄ ብቻዋን ስትሆን ስንቱን ወላጅ እንዳሳሳተች፣ ስንቱንም ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳስነሳች ሳስብ ነገሩን ለእርሳቸው ብቻ ሳይሆን ለናንተም ልጽፈው ወደድኩ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ የአገሪቱን ሁኔታ እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ውጤቱ በጥር 2015 ሲገለጽ አገሩ በሙሉ ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ማለት ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ከተፈተኑት 6.8 በመቶ ሲያልፉ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ያለፉት ግን 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ልጅ አላሳለፉም።

በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። መሻሻል አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ቢሆንም በ2017 ዓ.ም. ከመቶ ልጆች ከዘጠና አንድ በላይ የሚሆኑት ግማሹን ነጥብ ሳያገኙ ተመልሰዋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የዘንድሮ ልጆች ሰነፉ» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበረ። ይህ ፈተና እንደ ወንፊት ነበር፤ ደካማውን ወደ ታች ጥሎ ጠንካራውን ወደ 11ኛ ክፍል ያሳልፍ ነበር። ፈተናው ከቀረ በኋላ ቀድሞ በወንፊቱ ይቀሩ የነበሩ ልጆች ሁሉ 12ኛ ክፍል መድረስ ጀመሩ። በ2014 ዓ.ም. የተፈተኑት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 10ኛ ክፍል የነበሩት ናቸው። የእኛን የወሎን ልጆች ካነሳን ከዚህ ሌላ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በጦርነቱ ምክንያት ወራት የባከነባቸው፣ ወንበርና መጽሐፍ የተዘረፈባቸው ነበሩ። በዚህ ላይ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መፈተኑ የኩረጃን በር ዘጋ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የምናስታውስ ሁሉ ቀደም ሲል ይታይ የነበረው ውጤት ምን ያህሉ የልጆቹ የራሳቸው እንደነበር መጠየቅ ይገባናል።

እንግዲህ የአገሩ ቁጥር የወረደው ማስተማር በአንድ ሌሊት ስለተበላሸ አይደለም። የተፈታኙ ዓይነት ተለወጠ፣ መደበቂያውም ተነሳ። ቀድሞም የነበረው ቁስል ተገለጠ።

በየትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። እኔ የማስተምረው ሒሳብ ስለሆነ በምሳሌ ላስረዳ። የሚከተሉት ቁጥሮች ነገሩን ለማሳየት ያህል እኔው ራሴ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 100 ተማሪ ያስፈትናሉ። የመጀመሪያው በከተማ ውስጥ ሲሆን 80ዎቹ የከተማ ልጆች፣ 20ዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ከከተማዎቹ 40ው፣ ከገጠሮቹ 2ቱ አለፉ። በድምሩ 42 ማለት ነው። ሁለተኛው በትንሽ የወረዳ ከተማ የሚገኝ ሲሆን የከተማ ልጆቹ 20፣ የገጠሮቹ 80 ናቸው። ከከተማዎቹ 12ቱ፣ ከገጠሮቹ 16ቱ አለፉ። በድምሩ 28 ሆነ።

ሰው ምን ይላል? «አንዱ 42፣ ሌላው 28 አሳለፈ፤ የመጀመሪያው ይሻላል» ይላል። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት የከተማ ልጅ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 50 ነው፤ በሁለተኛው 60 ነው። የገጠር ልጅ በመጀመሪያው ከመቶ 10፣ በሁለተኛው ግን ከመቶ 20 ያልፋል። የከተማውም ሆነ የገጠሩ ልጅ በሁለተኛው ትምህርት ቤት የበለጠ ተጠቅሟል! ድምሩ ያነሰው ብዙ የተቸገሩ ልጆችን ስለተቀበለ ብቻ ነው። አንድ የገጠር አባት ድምሩን ብቻ አይቶ፣ ጥማዱን ሸጦ ልጁን ወደ መጀመሪያው ቢያዛውር የልጁን ዕድል በግማሽ ቀነሰው ማለት ነው።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች በ9ኛ ክፍል 200፣ 200 ልጆች ተቀበሉ እንበል። አንደኛው ደካማውን በየዓመቱ እያባረረ፣ ተስፋ እያስቆረጠ 40 ልጆች ብቻ 12ኛ ክፍል አደረሰ፤ ከነዚህም 20ው አለፉ። «ግማሹን አሳለፍኩ» ብሎ ያስጨበጭባል። ሁለተኛው 120 ልጆችን ይዞ ዘለቀ፤ 36ቱ አለፉ። ውጤቱ 30 በመቶ ተብሎ ይነገራል። ነገር ግን ከተቀበላቸው 200 ልጆች ውስጥ የመጀመሪያው ለፍሬ ያበቃው 20፣ ሁለተኛው 36 ነው። በመንገድ የቀሩትን ልጆች የማለፊያ ቁጥር አይቆጥራቸውም። አላህ ዘንድ ግን አንዳቸውም ሳይቆጠሩ አይቀሩም።

ተማሪ መርጠው የሚቀበሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው ማማሩም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ሥራቸውን ማሳነሴ አይደለም፤ ብዙ ይደክማሉ። ግን በ9ኛ ክፍል በር ላይ ጎበዙን ለይቶ ከተቀበለና ከራት እስከ መኝታ ጥናቱን ከሚቆጣጠር ትምህርት ቤት ጋር የመጣውን ሁሉ የሚቀበለውን የሠፈር ትምህርት ቤት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም።

በክፍሌ ውስጥ የተቀመጡት እነማን ናቸው?

ያን ሌሊት ሮስተሩን አወጣሁና ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ለወትሮው የምናነበው ከ1ኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ነው። በዚያች ሌሊት ግን በደረጃ ሳይሆን በአኗኗር ለየኋቸው።

የመጀመሪያዎቹ በከተማው ውስጥ ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የነጋዴ ልጆች ናቸው። ማታ መብራት አላቸው። ከነዚህ አንዳንዶቹ በመዋዕለ ሕፃናት ያለፉ ናቸው።

ሁለተኛዎቹ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል የተከራዩ ናቸው። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ አገራቸው ሄደው እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ ሐሙስ ላይ ካለቀ ዓርብ ባዶ ሆድ ነው። ምግብ የሚያበስሉት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ልብስ የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው የቤት አባወራም እማወራም ሆነዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የሚል ይጠፋል።

ሦስተኛዎቹ ከቤታቸው በእግር ተመላልሰው የሚማሩት ናቸው። ከነዚህ መካከል ሴቶቹ ሲነጋ ውኃ ቀድተው፣ ሲመለሱ እንጀራ ጋግረው፣ የቀረችውን ጊዜ ለደብተር የሚሰጡ ናቸው። ገበያ ቀን ከክፍል የሚጠፉትም በአብዛኛው እነርሱ ናቸው፤ እናት ገበያ ስትወጣ ቤቱን የሚጠብቀው ማን ነው?

አራተኛዎቹ ቀድመው የቁርአን ትምህርት ጀምረው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ዘግይተው የገቡ ናቸው። ከክፍል ጓደኞቻቸው በሁለት በሦስት ዓመት ይበልጣሉ። ቶሎ ለመያዝ የሚደርስባቸው የለም፤ ቁርአን ሲሐፍዙ የሠለጠነ አእምሮ አላቸውና። ነገር ግን በዕድሜያቸው ያፍራሉ፤ ከታናናሾቻቸው ፊት ተሳስቶ መታየት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ አይጠይቁም።

አምስተኛዎቹ ስማቸው በሮስተሩ ላይ ተሰርዞ ቀይ መስመር የተሰመረባቸው ናቸው። ወንዶቹ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ የተጓዙ፣ ሴቶቹ ዕድሜያቸው ተጨምሮ በፓስፖርት የወጡ ናቸው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከሳዑዲ ዓረቢያ ስንት ሺህ ወገኖቻችን ባዶ እጃቸውን እንደተመለሱ ሁላችንም አይተናል። መንገዱ ግን ዛሬም አልተዘጋም። ከላይ እንደተባለው የማለፊያ ቁጥር እነዚህን ልጆች አያውቃቸውም።

ውድ አንባቢያን! እነዚህ ሁሉ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ፈተና ይፈተናሉ። እንዲህ ስለያቸው ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው በየቡድኑ ነበሩ። ስንቅ ተሸክመው ከሚመጡት መካከልም ከከተማዎቹ የላቁ አሉ። ልጅን የሚጥለው ገጠሬነቱ ወይም ድህነቱ በራሱ አይደለም። አብዛኞቹ የወደቁት 9ኛ ክፍል ሲገቡ ይዘውት በመጡትና ማንም ቆም ብሎ ባላስተካከለው ጉድለት ነው። ያ ጉድለት ምንድን ነው?

ጉድለቱ የሚጀምረው ከንባብ ነው

በአገራችን ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲማሩ ቆይተው፣ እንደየክልሉ ከተወሰነ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆናል። አንድ ጊዜ ለአንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሰሌዳ ላይ የሁለት ቁጥሮችን ‹ዲፈረንስ› ፈልግ የሚል ጥያቄ ጻፍኩለት። ዝም አለ። «ትልቁን ከትንሹ ለይ፣ ትንሹን ከትልቁ ቀንስ» ስለው ወዲያው በቃሉ መለሰልኝ። መቀነስ ያውቃል፤ የማያውቀው ቃሉን ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ይህ ልጅ መቀነስ እንደማይችል ይቆጠርበታል።

ችግሩ ከእንግሊዝኛም በፊት ይጀምራል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በራሱ ቋንቋ ያላነበበ ልጅ በሰው ቋንቋ እንዴት ያነባል? ልብ በሉ፤ በዚያ ዓመት 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ከዘለቀ በ2012 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ደርሷል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የምንለው ነገር ከአሥር ዓመት በፊት የተዘራ አዝመራ ነው። በመስከረም ቆመን በሌላው ማሳ ብንቀና አዝመራው አይለወጥም።

በመድረሳ ያየሁት

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። እኔ ከሱብሒ በኋላ በመድረሳ፣ ረፋዱን በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርኩ ነኝ። መድረሳችን ወንበር አልነበራትም። ከእንጨት የተሠራች ለውህ በጭናችን ላይ አድርገን ምንጣፍ ላይ እንቀመጥ ነበር። ሼሃችን ግን የእያንዳንዱን ደረሳ ልክ ያውቁ ነበር። በለውህዋ ላይ የተጻፈውን አንተ ራስህ ሳትሳሳት ሳታነብላቸው አይታጠብም፤ አዲስም አይጻፍልህም። ጓደኛህ ሦስት ሱራ ቀድሞህ ቢሄድ ይሂድ፤ አንተ የያዝከውን ሳትጨርስ አትነሳም። ማንም በጓደኛው ጉልበት አያልፍም።

ረፋዱን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያየሁት ሌላ ነበር። መምህሩ ምዕራፉን ይጨርሳል፤ የገባውም ያልገባውም አብሮ ገጹን ይገልጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተግባራዊ ሲደረግ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪ ሳይወድቅ እንዲዛወር ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መምህሩ እየተከታተለ ጉድለቱን ይሞላል ተብሎ ነበርና። ክፍሉ ሲጨናነቅና ክትትሉ ሲቀር ግን ዝውውሩ ብቻ ቀረ። ልጁ ጉድለቱን ተሸክሞ ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል።

መድረሳው በሁሉም ነገር ይበልጣል ማለቴ አይደለም። በቃል መያዝና መረዳት ለየቅል መሆናቸውን፣ ጥያቄ መጠየቅንና ምክንያት መፈለግን የተማርኩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ይሁን እንጂ የለውህዋ ሥርዓት ዛሬም ለሒሳብ ክፍሌ ያስፈልገኛል። ልጁ ያለበትን ቦታ ማወቅ፣ ከዚያም ማንሳት።

መምህሩስ ነጻ ነው?

ምናልባት «መምህሩ የራሱን ድክመት በተማሪው አኗኗር ሊሸፍን ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጄምስ ኮልማን የሚባሉ ምሁር የመሩት ትልቅ ጥናት ወደ 4,000 የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችን መርምሮ በተማሪዎች ውጤት መካከል ላለው ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የልጁ ቤተሰብ ሁኔታ ብዙ ድርሻ እንዳለው ገለጸ። ብዙ መምህራን ይህን ሰምተው «እንግዲያው ጥፋቱ የኛ አይደለም» አሉ። ነገር ግን በ1983 እ.ኤ.አ. ሄይንማንና ሎክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ሀብታምና ድሃ የሆኑ 29 አገሮችን አስተያይተው ሌላ ነገር አገኙ። አገሩ ድሃ በሆነ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ለልጁ ውጤት የሚኖረው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሀብታም ልጅ መምህሩ ቢሰንፍ ቤቱ መጽሐፍ አለው፣ የተማረ አባት አለው። ስንቅ ተሸክሞ የሚመጣው ልጅ ግን ከመምህሩ በቀር ማን አለው?

ስለዚህ የተማሪዎቻችንን አኗኗር ማወቅ ለኛ ማመካኛ ሊሆን አይገባም፤ ይልቁንም ዕዳችንን ያከብደዋል። ገበያ ቀን ብዙ ልጆች እንደሚቀሩ እያወቅን በዚያ ቀን አዲስ ምዕራፍ ብንጀምር ጥፋቱ የማን ነው? ታላላቆቹ በዕድሜያቸው አፍረው እንደማይጠይቁ እያወቅን ለብቻቸው ጠርተን ካልጠየቅናቸው ማን ይጠይቃቸዋል? እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ይህን አላደረግሁም። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ጁምዓ ደረሰ። ከሶላት በኋላ ከአባትየው ጋር በመስጊዱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በጠጠር እየቆጠርኩ አሳየኋቸው። ገበሬ ለሒሳብ እንግዳ አይደለም፤ ወዲያው ገባቸው። «እንዲህስ በሬም ሲገዛ ነው፤ ሥጋውን ብቻ የሚያይ ይሳሳታል፤ ከየትኛው ግጦሽ እንደመጣ መጠየቅ ነው» አሉኝ። እኔ በብዙ ቃል ያልኩትን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ከዚያም «ታዲያ ምን ልጠይቅ?» አሉኝ። የመለስኩላቸውን ለናንተም እነሆ፦

1ኛ/ «ስንት አሳለፈ?» ብቻ አትበሉ፤ «ከተቀበላቸው ውስጥ ስንቱ 12ኛ ደረሱ? እንደኔ ልጅ ያሉት ምን ሆኑ?» ብላችሁ ጠይቁ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ካላወቀ ወላጆች በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል እንዲያውቅ አድርጉት።

2ኛ/ ልጃችሁን 12ኛ ክፍል ሳይሆን 9ኛ ክፍል ሲገባ ጠይቁ። መጽሐፉን ግለጡና አንዲት አንቀጽ አንብብልኝ፣ በቋንቋችንም ንገረኝ በሉት። ወላጅ ባይማርም ልጁ ሲንተባተብና ሲያነብ ይለያል። የመጀመሪያው ወሕይ ስለ ማንበብ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ልጆቻችን ማንበባቸውን ሳንፈትሽ እንዴት እንተኛለን?

3ኛ/ የቀረባቸውን ቀናት ቁጠሩ። በዓመቱ መጨረሻ ካርዱን ከማየት በየወሩ የስም ጥሪውን ማየት ይሻላል። በገበያና በአጨዳ ቀን ሥራውን በወንድና በሴት ልጆች መካከል አካፍሉ። ለወንዱ ጥናት፣ ለሴቷ ምድጃ የሚል ሕግ ከዲናችን አልመጣም።

4ኛ/ ቤት የተከራዩ ልጆች ካሉ ወላጆች ተባብራችሁ አንድ የሚቆጣጠራቸው ሰው፣ ቢቻል በመስጊዱ አቅራቢያ ማታ ብርሃን ያለው የማጥኛ ቦታ አዘጋጁላቸው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

5ኛ/ መምህሩን ለጠብ ብቻ አትፈልጉት። «ልጄ ምኑ ላይ ነው የጎደለው?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ያለው ልጅ በክፍል ውስጥ አይረሳም። ይህን ከራሴ አውቃለሁ።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ አለኝ። የትምህርት ቤታችሁ ቁጥር የናንተ ዕጣ አይደለም። ከመቶ ሦስት አለፉ ሲባል ከሦስቱ አንዱ እንደናንተ በሶ በጥብጦ የሚያጠና እንደሆነ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልገባችሁን ዛሬ ጠይቁ። ማፈር የሚገባው ሳያውቅ ያወቀ ለመምሰል ነው።

አባትየው ከመቀመጫቸው ተነሱ። መሸኛውን ስጠኝም አትስጠኝም አላሉም። ካርዱን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና «ሰኞ እልካታለሁ። በየወሩ መጀመሪያ ገበያ ስወጣ እመጣለሁ፤ የቀረችበትን ቀን ታሳየኛለህ» አሉኝ። ቃላቸውን አላጠፉም። በየወሩ መጡ። አንድ ወር ላይ አራት ቀን ቀርታ አገኙና ተቆጡ፤ ቆይተው ግን አራቱም ቀን እርሳቸው ራሳቸው ለአጨዳ ያስቀሯት መሆኑን አስታውሰው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በአጨዳ ምክንያት አልቀረችም።

ይህን ስጽፍ ልጅቱ 12ኛ ክፍል ናት፤ ፈተናውን ገና አልወሰደችም። ታልፋለች ብዬ ቃል መግባት አልችልም፤ የነገውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የማውቀው በ9ኛ ክፍል ‹ዲፈረንስ› ማለት ምን እንደሆነ የማታውቀው ልጅ ዛሬ ለታናናሾቿ ሰሌዳ ላይ ቆማ ማስረዳቷን ነው። የማለፊያው ቁጥር ይህን አይጽፈውም። እኔ ግን በሮስተሬ ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጌታችን አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ልጆቻችንንም፣ ያስተማሩንንም፣ የምናስተምራቸውንም ይጠብቅልን። አሚን።